የሱን ዙ የጦር ጥበብ፤ አመጣጡ፣ በትምህርት ውስጥ የነበረው ቦታና ለዛሬው ኑሮ ያለው ፋይዳ

ስለ ጦርነት ከተጻፉት ጥንታውያን መጻሕፍት መካከል እንደ ሱን ዙ መጽሐፍ ከጦር ሜዳ ውጭ በብዛት የሚነበብ አይገኝም። ድርሰቱ በ13 ምዕራፎች የተከፈለና ወደ 6,000 የሚጠጉ የቻይንኛ የጽሑፍ ምልክቶችን ብቻ የያዘ አነስተኛ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ በንግድ ሥራ አመራር ኮርሶች፣ በስፖርት አሠልጣኞች ዘንድ፣ አልፎ አልፎም በትምህርት አስተዳደር ሥልጠናዎች ላይ ሲጠቀስ ይሰማል። የሚጠቀሰው ቃል ግን ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፉ ተቆርጦ የወጣና ከተጻፈበት ዘመን የተለየ ነው፤ አንዳንዱም ጨርሶ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ስለዚህ መጽሐፉ ለዛሬ ምን ይጠቅማል ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ ምን እንደ ሆነና ቻይናውያን ራሳቸው በሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ ባስገቡት ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት መመርመር ተገቢ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ዘመኑና ጦርነቱ

በቻይና ታሪክ የጸደይና የመጸው ዘመን እየተባለ በሚጠራው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጦርነት የመሳፍንት ሥራ ነበር። መኳንንቱ በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ላይ ሆነው ይዋጉ ነበር፤ ሠራዊቱም ቁጥሩ አነስተኛ፣ ዘመቻውም አጭር ነበር። ከ5ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ግን ይህ ሁኔታ ከሥር መሠረቱ ተለወጠ። የብረት መሣሪያ እየተስፋፋ ሄደ፤ መንግሥታት ገበሬውን በቤተሰብ እየቆጠሩ በመመዝገብ ግብርም የውትድርና ግዴታም ጣሉበት፤ በዘር ይወረስ የነበረው ሹመት በደመወዝ ለሚያገለግል ሹም ተሰጠ። ስመ ጥር መሳፍንት በሠረገላ የሚፎካከሩበት ውጊያ ቀርቶ በአሥር ሺህ የሚቆጠር እግረኛ የሚሰለፍበት፣ ከተማ ለወራት የሚከበብበት ዘመን መጣ። ይህም እስከ 221 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ማለትም የቺን መንግሥት የቀሩትን ሁሉ አንበርክኮ ቻይናን አንድ እስካደረገበት ዓመት ድረስ የዘለቀው የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን ነው።

የሱን ዙ መጽሐፍ የሚናገረው ስለዚህ ስለ አዲሱ ዓይነት ጦርነት ነው። ደራሲው ከጀግንነት ይልቅ ስለ ወጪ አብዝቶ መጻፉ የሚያስገርመውም በዚህ ምክንያት መሆን የለበትም። በሁለተኛው ምዕራፍ ለ100,000 ሰው ሠራዊት የሚያስፈልገውን ሠረገላ፣ ስንቅ፣ ለጥገና የሚውለውን ሙጫና ቀለም ሳይቀር ይዘረዝራል፤ የዕለቱን ወጪም በወርቅ ይተምናል። ከዚያም ከጠላት አገር የተገኘ አንድ መስፈሪያ እህል ከአገር ቤት ተጓጉዞ ከሚመጣ ሃያ መስፈሪያ ጋር እኩል እንደሚቆጠር ያስረዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እህሉን የሚያጓጉዘው በሬም ነጂውም በመንገድ ላይ ይበላሉ፤ መንገዱ በረዘመ መጠን ከተጫነው የሚደርሰው እያነሰ ይሄዳል። በመጨረሻው ምዕራፍም አንድ ዘመቻ 700,000 ቤተሰቦችን ከእርሻ ሥራቸው እንደሚያፈናቅል ይጠቁማል። ዕቅድ አውጪዎች በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር ካለ ይህ ክፍል ነው ለማለት ይቻላል፤ የሚያሳዝነው ግን እምብዛም የማይጠቀሰው ክፍል መሆኑ ነው። ከማዕከል መጋዘን የወጣው መጽሐፍና ጠመኔ ስንት እንደ ሆነ ሳይሆን፣ መኪና መንገድ በማይደርስበት ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሰው ስንት እንደ ሆነ የሚቆጥር ዕቅድ የሱን ዙን ስሌት ተከትሏል ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት የሚመነጭ አንድ ድምዳሜ አለ። ጦርነት ከተራዘመ ያሸነፈውም ወገን ይደኸያል፤ ስለሆነም ሳይዋጉ የጠላትን ዕቅድ ማክሸፍ ከሁሉ የተሻለ ሲሆን፣ የተመሸገ ከተማን ማጥቃት ከሁሉ የከፋ አማራጭ ነው። ይህን ሐሳብ የሰላም ሰባኪነት አድርገው የሚተረጉሙ አሉ። ትርጓሜው ልክ አይደለም፤ ደራሲው የሚናገረው እንደ ርኅሩኅ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ዐዋቂ ነው።

ደራሲውና የቀርከሃው ማስረጃ

ስለ ደራሲው ሕይወት ያለው ዋና ምንጭ ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን በ100 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ያሰናዳው ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ ነው። በእርሱ አተራረክ ሱን ዉ (ሱን ዙ ማለት መምህር ሱን ማለት ነው) የቺ አገር ተወላጅ ሲሆን፣ ከ514 እስከ 496 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለነገሠው ለዉው ንጉሥ ለሄሉ አገልግሏል። ንጉሡ የ13ቱን ምዕራፎች ደራሲ ሊፈትነው ፈልጎ በቤተ መንግሥቱ ሴቶች ላይ ሥልጠና እንዲያሳይ ጠየቀው። 180 ሴቶች ቀረቡ፤ በሁለት ጓድ ተከፈሉ፤ ንጉሡ አብልጦ የሚወዳቸው ሁለቱ ቁባቶች የጓድ መሪዎች ሆኑ። ሱን ዉ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ ማለት ምን እንደ ሆነ አስረድቶ ከበሮውን ሲያስመታ ሴቶቹ ሳቁ። በዚህ ጊዜ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ፤ ትእዛዙ በሚገባ ካልተብራራ በደለኛው አዛዡ ነው በማለት ደጋግሞ አስረዳ። ሁለተኛ በሳቁ ጊዜ ግን ትእዛዙ ግልጽ ሆኖ ሳለ አልተፈጸመምና ጥፋቱ የመሪዎቹ ነው ብሎ፣ ንጉሡ እየለመነው፣ ሁለቱን ቁባቶች አሰየፈ። የቀሩት ያለ አንዳች ድምፅ ታዘዙ።

ይህ ታሪክ በአመራር መጻሕፍት ዘንድ እጅግ የተወደደ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ በእርግጥ ለመምህር ይሆናል፤ ተማሪው ያልገባው እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚመረመረው አገላለጹ እንጂ ተማሪው አለመሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ጥንታዊ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛው አጋማሽ ግን ለትዕይንት ሲባል ሁለት ሰዎች የተገደሉበት ነው። ሲማ ቺየን ንጉሡ ከዚያ በኋላ ወርዶ ሰልፉን ለመመልከት ፈቃደኛ እንዳልነበረ መጻፉን ደግሞ አጫፋሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ያልፉታል።

የታሪኩ እውነትነት ከጥንት ጀምሮ አጠራጥሯል። የዉ ሠራዊት በ506 ከክርስቶስ ልደት በፊት ታላቁን የቹን መንግሥት ድል ነሥቶ ዋና ከተማውን ይዟል፤ ይህን ዘመቻ በዝርዝር የሚተርከው የዙኦ ዜና መዋዕል ግን ሱን ዉ የሚባል ሰው አንድ ጊዜም አያነሣም። በሶንግ ዘመን የነበረው ሊቅ ዬ ሺ (1150–1223) ይህን አስተውሎ ሰውየው የፈጠራ ባለታሪክ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ሌላም ችግር ነበር። ሲማ ቺየን ከሱን ዉ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ የተነሣ ሱን ቢን የሚባል ሌላ የጦር መምህር እንደ ነበረ ይናገራል፤ የሱን ቢን መጽሐፍ ግን ጠፍቶ ስለ ነበር፣ ሁለቱ ሱኖች ምናልባት አንድ ሰው ናቸው የሚሉ ሊቃውንት ተነሡ።

ክርክሩ በከፊል የተፈታው በሚያዝያ 1972 ነው። በሻንዶንግ ክፍለ አገር በሊንዪ ከተማ አጠገብ ዪንቹዌሻን በተባለ ኮረብታ ላይ የግንባታ ሥራ ሲካሄድ ከ2ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ መቃብሮች ተገኙ። በአንደኛው መቃብር ውስጥ፣ ውሃና ጭቃ ባጠገባቸው ሁኔታ፣ ወደ 5,000 የሚጠጉ የቀርከሃ ፍልጦችና ስብርባሪዎች ነበሩ። የቻይና ሰው ወረቀት ከመስፋፋቱ በፊት የሚጽፈው በቀጭን የቀርከሃ ፍልጥ ላይ ከላይ ወደ ታች ነበር፤ ፍልጦቹ በክር እየተሰፉ ይጠቀለላሉ። ክሩ በስብሶ ቅደም ተከተሉ ስለ ጠፋ፣ ማንበቡና ማገጣጠሙ ዓመታት ፈጀ። ውጤቱ ግን የድካሙን ያህል ነበር፤ ከሱን ዙ መጽሐፍ ከሲሶ ጥቂት የሚበልጠው ሲገኝ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የጠፋው የሱን ቢን መጽሐፍም አብሮ ወጣ። ሁለቱ መጻሕፍት የተለያዩ መሆናቸው በዚህ ተረጋገጠ።

ይህ ማለት ግን ሱን ዉ በንጉሥ ሄሉ ፊት ቆሞ ነበር ማለት አይደለም። መጽሐፉ በሄሉ ዘመን ገና ያልተስፋፋውን ባለ ምላጭ ቀስት በተለመደ መሣሪያነት ያነሣል፤ 100,000 ሰው ስለሚያሰልፍ ሠራዊትም ይናገራል። እነዚህ ሁሉ የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ አብዛኞቹ የዘመኑ ተመራማሪዎች ድርሰቱ በዚያ ዘመን የተጠናቀረ መሆኑን ይቀበላሉ። ለታሪክ መምህራን ይህ ጉዳይ ከመጽሐፉ ትምህርት የማያንስ ዋጋ አለው፤ አንድ ጽሑፍ ዕድሜውን በራሱ ቃላት እንዴት እንደሚመሰክር ለተማሪ ማሳያ ይሆናልና።

የጃኦ ኩኦ ታሪክ

የጦር መጻሕፍት ገና በሕይወት ባሉ አዛዦች እጅ በነበሩበት ጊዜ እንኳ፣ ከመጽሐፍ የተገኘ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የዚህ ጥያቄ ዋና ምሳሌ በ260 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቻንግፒንግ ላይ የተደረገው ጦርነት ነው።

የጃኦና የቺን ሠራዊቶች ፊት ለፊት ተፋጠው በቆዩበት ጊዜ የጃኦ አዛዥ የነበረው አረጋዊው ሊያን ፖ ምሽግ ይዞ አልወጣም አለ። የቺን ሰዎች ገንዘብ ረጭተው በጃኦ ዋና ከተማ ወሬ አስነዙ፤ ወሬውም ቺን የሚፈራው ጃኦ ኩኦን ብቻ ነው የሚል ነበር። ጃኦ ኩኦ የታላቁ አዛዥ የጃኦ ሼ ልጅ ሲሆን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጦር መጻሕፍትን ያጠና፣ በክርክር የሚተካከለው ያልተገኘ ወጣት ነበር። አባቱ ሳይቀር በክርክር ሊረታው አልቻለም፤ ሆኖም አባቱ ልጁን ጎበዝ ነው ብሎ አያውቅም። እናቲቱ ምክንያቱን ብትጠይቅ፣ ጦርነት የሞት ሜዳ ሆኖ ሳለ ልጁ እንደ ቀላል ነገር እንደሚያወራው፣ አዛዥ ከሆነም ጃኦን የሚያጠፋ እርሱ እንደሚሆን ነገራት።

ንጉሡ ወሬውን አምኖ ሊያን ፖን ሽሮ ጃኦ ኩኦን ሲሾም ሁለት ሰዎች ተቃወሙ። አንደኛው ሚኒስትሩ ሊን ሺያንግሩ ሲሆን፣ ወጣቱን የክሮቹ መቃኛ በሙጫ ተጣብቆ ሊቃኝ በማይችል በገና መሰለው፤ የአባቱን መጻሕፍት ማንበብ እንጂ ከሁኔታው ጋር መለዋወጥን አያውቅም ማለቱ ነው። ሁለተኛዋ እናቱ ናት። አባቱ የተሰጠውን ሽልማት ለመኮንኖቹ ያከፋፍል እንደ ነበር፣ ልጁ ግን ወርቁን ቤቱ አስቀምጦ የሚገዛ መሬት እንደሚያፈላልግ ለንጉሡ ገለጸች። አቤቱታዋ ተቀባይነት ሲያጣ፣ ልጇ ቢሸነፍ እርሷ አብራ እንዳትቀጣ ቃል አስገባችው።

ጃኦ ኩኦ ከምሽግ ወጥቶ አጠቃ። ቺን በምሥጢር አስመጥቶ የሾመው ባይ ቺ የሸሸ መስሎ አስከተለው፤ የስንቅ መንገዱን ቆረጠ፤ ሠራዊቱን ለሁለት ከፈለው። የተከበበው ጦር 46 ቀን ከተራበ በኋላ ጃኦ ኩኦ ሰብሮ ለመውጣት ሲሞክር ተወግቶ ሞተ። ሲማ ቺየን እጃቸውን የሰጡት 400,000 ወታደሮች እንደ ተጨፈጨፉ፣ በዕድሜ ያነሱ 240 ብቻ ወደ አገራቸው እንደ ተላኩ ይናገራል። ቁጥሩ መጋነኑን ዛሬ ብዙዎች ይገምታሉ፤ ዳሩ ግን በ1995 በጋኦፒንግ አካባቢ የሟቾች አጽም የተከማቸበት ጉድጓድ ተቆፍሮ መገኘቱ ዕልቂቱ ተረት አለመሆኑን መስክሯል። እናቲቱ በተገባላት ቃል መሠረት ተረፈች።

በቻይንኛ እስከ ዛሬ ድረስ በወረቀት ላይ ጦር ስለሚያሰልፍ ሰው የሚነገረው አባባል ከዚህ ሰው ጋር ተያይዞ ይኖራል። ለትምህርት ባለሙያ የሚከብደው ግን ሌላ ነጥብ ነው። ጃኦ ኩኦ ሰነፍ ተማሪ አልነበረም። ዘመኑ ሊያቀርብለት የሚችለውን የቃል ፈተና ሁሉ በከፍተኛ ውጤት የሚያልፍ ሰው ነበር። አባቱ ጉድለቱን ያየው መልስ ስላጣ ሳይሆን መልሱ ሁሉ ስለ ቀለለው ነው፤ እናቱም የታዘበችው በዕለት ኑሮው ነው። የትኛውም የጽሑፍ ፈተና ይህን አያወጣም።

መጽሐፉ ወደ ፈተና ሲገባ

ከሃን ሥርወ መንግሥት ውድቀት በኋላ የመጽሐፉ ዕጣ በሐተታ ጸሐፍት እጅ ገባ። በእጃችን ካሉት ሐተታዎች የመጀመሪያው የጦር አለቃውና ባለቅኔው ጻኦ ጻኦ (155–220) የጻፈው ነው። ከዚያም ሌሎች እየተከታተሉ፣ አንዱ የሌላውን እያጸና ወይም እየነቀፈ፣ ለአንድ ዐረፍተ ነገር ብዙ ትርጓሜ ይሰጡ ጀመር፤ የአንድምታን ትምህርት ለሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም።

መንግሥት ለጦር ሹመት ፈተና ማካሄድ የጀመረው በ702፣ በእቴጌ ዉ ዘመን ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት፣ በንጉሠ ነገሥት ሼንዞንግ ትእዛዝ በ1080 ሰባት የጦር መጻሕፍት ተመርጠውና ተስተካክለው የጦር ትምህርት ቤቱ መማሪያ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ የሱን ዙ መጽሐፍም አንዱ ሆነ። በዘመናዊ አነጋገር ይህ የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ነበር፤ ዓላማውም ያልተማሩ አዛዦችን በተማሩ መተካት ነበር። ሆኖም ሶንግ በጽሑፍና በምርምር የበለጸገውን ያህል በጦር ሜዳ አልቀናውም፤ በ1127 ሰሜኑን ክፍል ለጁርቼኖች፣ በ1279 ደግሞ መላ አገሩን ለሞንጎሎች አስረክቧል። የሽንፈቱ ምክንያት የመማሪያ መጻሕፍቱ ናቸው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ መንግሥቱ አዛዦቹን የማያምን፣ ለሰሜን ፈረሰኛ ሠራዊት የሚሆን የግጦሽ መሬት ያጣ መንግሥት ነበር። ግን መጻሕፍቱም አላዳኑትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለመምህራን ይበልጥ ግልጽ ነው። በመጨረሻው ሥርወ መንግሥት፣ በቺንግ ዘመን፣ የጦር ፈተናው የጽሑፍ ክፍል ቀስ በቀስ እየተዳከመ ከጥንታውያኑ መጻሕፍት የተወሰነ ክፍል በቃል አስታውሶ እስከ መጻፍ ወረደ፤ ክብደቱ በቀስት መወርወርና ድንጋይ በማንሣት ላይ ዋለ። የአውሮፓ መድፍ በባሕር ዳርቻው ላይ ከተሰማ በኋላም ፈተናው ለስድስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቀጠለ። የተሰረዘው በ1901 ነው። ሁኔታን እያዩ መለዋወጥን የሚያስተምር መጽሐፍ ሳይለወጥ የሚደገም ዳዊት ሆነ ማለት ነው።

ወደ ዛሬው ኑሮ

መጽሐፉ በአውሮፓ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1772 በፓሪስ ሲሆን፣ ተርጓሚው ዮሴፍ ማሪ አሚዮ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበር። ናፖሊዮን ይህን ትርጉም ይዞ ይዘምት ነበር የሚለው ወሬ የተጨበጠ ማስረጃ የለውም። በ1910 የታተመው የላየነል ጃይልስና በ1963 የታተመው የሳሙኤል ግሪፊት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ግን በእርግጥ መጽሐፉን በዓለም ዙሪያ አሠራጭተዋል። በቻይና ማኦ ዜዱንግ በ1938 ስለ ተራዘመ ጦርነት ባቀረበው ጽሑፍ ሱን ዙን ጠቅሷል። ከሃያኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ የንግዱ ዓለም መጽሐፉን ወረሰው።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሱን ዙ ማታለልን የሚያስተምረው ለጠላት ነው፤ ነጋዴ ደንበኛውን፣ ርእሰ መምህር መምህራኑን፣ ተማሪ የክፍል ጓደኛውን በጠላት ቦታ አስቀምጦ መጽሐፉን ቢያነብ፣ ነገ አብሮት የሚሠራውን ሰው አመኔታ ያጣል። ደራሲው ራሱ ከአዛዥ ከሚፈልጋቸው አምስት ጠባዮች አንዱን ታማኝነት፣ ሌላውን ደግሞ ሰብአዊነት አድርጓል፤ የቀሩት ዕውቀት፣ ድፍረትና ጥብቅነት ናቸው። ድልን ከሚወስኑት ነገሮች መጀመሪያ ያስቀመጠውም ሕዝቡና ገዥው አንድ ሐሳብ መሆናቸውን ነው።

ወደ ሰላማዊ ሥራ ሊሸጋገር የሚችለው ከመነሣት በፊት መቁጠርን የሚመለከተው ክፍል ነው። ጥንታውያኑ ከዘመቻ በፊት በአባቶች መቅደስ ተሰብስበው የራሳቸውንና የተቃራኒውን ወገን ሁኔታ በመቁጠሪያ ዘንግ ያነጻጽሩ ነበር፤ ብዙ ዘንግ ያልሰበሰበ ዘመቻውን ይተዋል። አንድ ዕቅድ ከመጀመሩ በፊት የሚተውበት ሁኔታ አስቀድሞ ካልተጻፈበት፣ ቆጠራው ለይስሙላ የተደረገ ነው።

ለክፍል ሥራ የሚሆን ነገር የሚፈልጉ መምህራን ደግሞ ወደ ሱን ቢን ቢሄዱ ይጠቀማሉ። ሱን ቢን የትምህርት ጓደኛው በነበረው በፓንግ ጁዋን ተንኮል እግሩን ያጣ፣ ኋላም ቺ ገብቶ የጄኔራል ቲየን ጂ አማካሪ የሆነ ሰው ነው። በ353 ከክርስቶስ ልደት በፊት የዌይ ጦር የጃኦን ዋና ከተማ ሃንዳንን በከበበ ጊዜ፣ ወደ ሃንዳን መሄድ ትቶ ባዶዋን የዌይ ዋና ከተማ በማስፈራራት ከበባውን አስለቅቆ፣ ተመላሹን ጦር ጉይሊንግ ላይ መታው ይባላል። ታሪኩ ሲተረክ የሚዘነጋ ነገር ቢኖር ሃንዳን በዚያን ጊዜ ወድቃ የነበረ መሆኗና ለጃኦ የተመለሰችው ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሲማ ቺየን ፓንግ ጁዋን በማሊንግ ጦርነት እንደ ሞተ ሲጽፍ፣ የዪንቹዌሻን ቀርከሃ ደግሞ ጉይሊንግ ላይ እንደ ተማረከ ይናገራል፤ ሁለቱን ምንጮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማከራከር ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይከብድም።

ለሒሳብ መምህርም የሱን ቢን የፈረስ እሽቅድምድም አለ። ቲየን ጂ ከንጉሡ ጋር በሦስት ዙር ይወራረድ ነበር፤ የእያንዳንዳቸው ፈረሶች በከፍተኛ፣ በመካከለኛና በዝቅተኛ ደረጃ የተከፈሉ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ የንጉሡ ፈረስ ጥቂት ይበልጣል። ሱን ቢን ዝቅተኛውን ፈረስ በንጉሡ ከፍተኛ፣ ከፍተኛውን በመካከለኛው፣ መካከለኛውን በዝቅተኛው ላይ እንዲያሰልፍ መከረ፤ አንዱን ዙር ተሸንፎ ሁለቱን ረታ፤ አንድ ሺህ ወርቅም አገኘ። ተማሪዎች ሦስቱን ፈረሶች ማሰለፍ የሚቻልባቸውን ስድስት መንገዶች ጽፈው ቢያነጻጽሩ፣ ቲየን ጂን የሚያስረታው አንዱ ብቻ መሆኑን ያገኙታል። ቀጥሎ የሚቀርበው ጥያቄ ንጉሡ የፈረሶቹን ቅደም ተከተል ቢደብቅስ የሚለው ነው። በዚህ ጊዜ የቲየን ጂ ዕድል ከስድስት አንድ ይሆናል፤ ብልሃቱን ብልሃት ያደረገው ንጉሡ በየጊዜው በአንድ ዓይነት ተራ የሚያሰልፍ መሆኑ ነበር።